ላቡ የሚቆምበት መስመር

ሙሀመድኑር ከማማው የወደቀው በጥቅምት መጨረሻ፣ ማሽላው እሸት ይዞ ወፍ በሚበዛበት ሰሞን ነው። ማሳው ከከሚሴ ወረድ ብሎ ጨፋ ሜዳ ውስጥ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ነበር። ወፍ የሚጠብቅበትን ማማ የሠራው በገዛ እጁ ነው፤ አራት ባላ፣ በላዩ የእንጨት ርብራብ፣ ከዚያ የአገዳ ጥላ። ከአራቱ ባላዎች አንዱን ምስጥ ከውስጥ እንደጨረሰው ያወቀ አልነበረም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወንጭፉን አዙሮ ሊለቅ ሲል ርብራቡ ከእግሩ ሥር ሸሸ። በጀርባው ያረፈው አንድ የግራር ጉቶ ላይ ነው።

"ድምፅ ሰማሁ" ይላል ስለዚያ ቅጽበት ሲጠየቅ። "ደረቅ አገዳ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ከዚያ ሁለት እግር አየሁ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣጥፏል። የማን እግር ነው ብዬ አሰብኩ።"

ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከሚስቱ ከረቢአ ሁለት ሴት ልጆች ወልዷል። ደሴ ወሰዱት፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ሦስት ወር ተኝቶ በየካቲት ሲመለስ ከጡቱ ጫፍ በታች ምንም አይሰማውም፣ ምንም አይታዘዝለትም። በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተቆርጧል አሏቸው። ሽንቱ በቱቦ ወደ ከረጢት ይወርዳል። ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ይህን ሁሉ ረቢአን አስተምረዋታል። ስለ ሙቀትና ስለ ብርድ ግን የነገራት የለም፤ ወይም ነግረዋት ከሌላው ጋር ተደባልቆባት ይሆናል።

ቤታቸው ከቤቴ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ብዙውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን የነገረችኝ ረቢአ ናት።

በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ካልሲውን ልታወልቅለት እግሩን ያዘች። ውጭ ፀሐዩ የቤቱን ቆርቆሮ እያንጣጣው ነበር። እግሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ብርድ የመታው ሰው ቅዝቃዜ አልነበረም ትላለች። እናቷ ስትሞት ሬሳዋን ያጠበችው እሷ ስለሆነች እጇ ያን ቅዝቃዜ ያውቀዋል። ቀና ብላ ፊቱን አየች። ሙሀመድኑር ትራስ ተደግፎ ስለታመመው በሬያቸው እያወራላት ነበር። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ምን ሆንሽ?" አላት።

"ምንም።" ካልሲውን መልሳ አጠለቀችለት።

ያን ዕለት ማታ ገላውን ስታጥበው መስመሩን አየችው። ላቡ ከአንገቱ እየወረደ፣ ደረቱን አርሶ፣ ልክ ጡቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በታች ቆዳው ደረቅ ነው፤ እንደ ወረቀት ደረቅ። መስመሩ ደረቱን ዞሮ በጀርባውም እዚያው ከፍታ ላይ ይገኛል። ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ ግድግዳ ላይ ምልክት ትቶ እንደሚሄደው ማለት ነው። ረቢአ በጣቷ ተከትላ ዞረችው። እሱ ግማሹን ብቻ አወቀ።

ከዚያ የእግሮቹ ነገር መጣ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ተኝቶ ሳለ ብርድ ልብሱ በድንገት ተነሣ፤ ጉልበቱ ከሥሩ ታጥፎ ወጥቶ ተንቀጠቀጠ፣ መልሶም ወደቀ። ትልቋ ልጅ ሪሀና ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ነበር። ወደ እናቷ ሄዳ በቀስታ፣ "አባዬ ተኝቷል፤ እግሩ ግን ነቅቷል" አለቻት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ብቻዋን እዚያ ክፍል አልገባችም።

ግንቦት ሲገባ የከሚሴ ሙቀት መጣ። አምስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ምድጃ ውስጥ መቀመጥ ነው። እኛ እናልባለን፣ ውኃ እንጠጣለን፣ ጥላ ፈልገን እንወጣለን። ሙሀመድኑር ግን ይግላል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሆዱ ላይ እጅ አይቆይም። ዓይኑ ይፈዛል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ የሞቱ ሰዎችን ስም ይጠራል። ወባ ነው ብለው በባጃጅ ወስደው ደሙን አስመረመሩት። ወባ የለም። ታይፎይድም የለም። ንጋት ላይ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይቀዘቅዛል፤ አንዳንድ ቀን ከልኩ በላይ። በማግስቱ ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ስትደርስ እንደገና ይጀምራል።

"ድንጋይ ሆነ እኮ" አለ ወንድሙ ዓብዱ። "ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል፤ ፀሐይ ሲሄድ ይበርዳል።"

ሰፈሩ የራሱን አወራ። ግማሹ እዚያው ማሳው ላይ ቀርቷል፣ የመጣው ግማሹ ነው አሉ። ጉቶው ሥር የነበሩት ይዘውታል የሚሉም ነበሩ። ወሬው ከእኔም ጆሮ ደርሷል፤ አልተቆጣሁም፣ ምክንያቱም ያን እግር ነክቼዋለሁ። የሚገርመው ሙሀመድኑር ራሱ ከሰዎቹ አልተለየም።

"ረቢአ" አላት አንድ ቀን፣ "ይህ አልጋ አይሰማኝም። የሚሰማኝ መሬት ነው። እርጥብ ነው፤ አፈሩ ወገቤ ሥር ይቀዘቅዘኛል።"

"አልጋ ላይ ነህ።"

"አውቃለሁ። የሚሰማኝን ነው የምነግርሽ።"

ትልቁ ነገር የደረሰው ዓርብ ቀን፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነው። ረቢአ ልብስ አጥባ ስትገባ ባሏ ዓይኑን አፍጥጦ በሩን ያያል። ፊቱ ደም መስሏል። ላቡ ከአገጩ ጠብ ጠብ ይላል።

"ሰው ገብቷል" አላት።

"ማን?"

"አላውቅም። እዚህ ነው ያለው። ጭንቅላቴን ሊያፈነዳው ነው።"

ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ከመስመሩ በታች ቆዳው ነጥቶ እንደተነጨ ዶሮ ሆኗል፤ የሆዱና የጭኑ ፀጉር አንድም ሳይቀር ቆሟል። ረቢአ እየሮጠች ወጣች። በመንገዱ ከመስጊድ የሚመለሱትን ሸህ ጀይሉን አገኘቻቸው። እሳቸው ሰባ ያለፋቸው፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ለታመመ ሰው ቁርአን የሚቀሩ ሽማግሌ ናቸው።

ሸሁ ገብተው ከራስጌው ተቀመጡ። ከቁርአን አየተል ኩርሲን ቀሩ። ሙሀመድኑር ጥርሱን ነክሶ ያቃስታል። ቀርተው ሲጨርሱ እጃቸውን ጭኑ ላይ አኖሩ። መዳፋቸው ሥር ፀጉሩ እንደቆመ ነበር።

"ረቢአ፣ ይህ እግር አይሰማውም አላልሽኝም?"

"አይሰማውም፣ አባቴ።"

"ታዲያ ምን ሰምቶ ነው ፀጉሩ የቆመው?"

ሸሁ ውኃ ሊያጠጡት ቀና አድርጊው አሏት። ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው፤ እግሩ ከአልጋው ወደ ታች ወረደ። ሲቀመጥ ትንሽ ቀለል እንዳለው ከፊቱ ታየ። የሽንት ከረጢቱ ዓይኗ ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። ቱቦውን በእጇ እየተከተለች ሄደች። ጭኑ ሥር ታጥፎ ተጨፍልቋል። ስታቃናው ሽንቱ በኃይል ወረደ፤ ከረጢቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሞላ።

ሙሀመድኑር ዓይኑን ጨፈነ። የፊቱ ቅላት ለቀቀ። የጭኑ ፀጉር፣ ነፋስ እንዳለፈበት ሣር፣ ቀስ እያለ ተኛ።

"ሄደ" አለ።

ሸሁ ተነሥተው በትራቸውን ያዙ። "ቁርአን ሽፋ ነው፣ ፈውስ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺ ግን ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ያየሁትን ያየ ሰው ዝም ማለት የለበትም።"

በማግስቱ ሄደች። ያገኘቻት ነርስ ዕፀገነት ትባላለች፤ ከሚሴ ተወልዳ ያደገች፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች የምታወራ ሴት ናት። ረቢአ የሆነውን ስትነግራት መጻፏን አቆመች።

"ስንት ደቂቃ ቆየበት?"

"እኔ እንጃ። ሸሁ ቀርተው እስኪጨርሱ።"

"አላህ ነው ያተረፈልሽ። እንዲህ ሆኖ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሥር የፈነዳበት ሰው አለ።" ወንበሯን ሳበችና በእጇ ከደረቷ በታች መስመር አሳየቻት። "የቦርከና ድልድይ ተሰበረ በይ። ማዶ ያለው ሰው እሳት ተነሣበት፤ ይጮኻል። መልእክተኛ ወደዚህ መሻገር አይችልም። ፊኛው ሞልቶ ሲጨነቅ እንደዚያው ነው፤ ጭንቅላቱ ጋ አይደርስለትም። የታችኛው ግማሽ ግን ዝም አይልም። የራሱን ደም ሥር ሁሉ ጨምድዶ ይይዛል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ደሙ ወደ ላይ ይገፋል። ግፊቱ ይጨምራል። ጭንቅላት ግፊቱን ያውቃል፤ ልብን ቀስ በል ይላል፣ ከመስመሩ በላይ ያለውን ደም ሥር ይከፍታል። ፊቱ የቀላው፣ ላብ ያጠመቀው ለዚያ ነው። ታችኞቹን ግን ልቀቁ ብሎ ማዘዝ አይችልም።"

"እግሩ የሚቀዘቅዘውስ? ቀን ቀን የሚግለውስ?"

"ያው ድልድይ ነው። አልብ የሚለው ትእዛዝ ከደረቱ በታች አይወርድም። ብርድ ሲሆን ተንቀጥቀጥ የሚለውም አይወርድም። ደም ሥሩ እንደ ሙቀቱ አይከፈትም፣ አይዘጋም። ስለዚህ ቤቱ ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል፣ ቤቱ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል። እግሩ ደግሞ ስለማይሠራ ደሙ እዚያ ይተኛል፤ ያብጣል፣ ይቀዘቅዛል።"

"ታዲያ ሰው ገብቷል ያለውስ?"

"ግፊቱ እንደዚያ ሲሆን ፍርሃት ይመጣል። ብዙዎቹ አንድ ነገር ሊደርስብን ነው ይላሉ።" ዕፀገነት ከዚህ በላይ አልሄደችም። የሚደረገውን ግን እየደጋገመች አስጠናቻት፦ መጀመሪያ ቀና ማድረግ፣ እግሩን ማውረድ፣ የጠበቀ ልብስ መፍታት፤ ከዚያ ቱቦውን፣ ሆድ ድርቀቱን፣ ቁስልና እሾህን መፈለግ። ምክንያቱ ካልተገኘ ወይም ካልበረደለት ሳይዘገዩ ማምጣት።

ረቢአ የሰማችውን ለባሏ ስትነግረው ይረጋጋል ብላ ነበር።

"እኔ የማልሰማውን የሚሰማ አለ ማለት ነው" አለ ሙሀመድኑር። "እዚያ ታች የሚጮኸው እኔ ካልሆንኩ ማን ነው?"

ኑሮው ግን ተለወጠ። ዓብዱ ቆርቆሮው ላይ የማሽላ አገዳ ደረበበት፤ የቤቱ ሙቀት ቀለል አለ። ረቢአ ከአራት ሰዓት ጀምራ ሆዱንና እግሩን በውኃ ትረጫለች፣ እርጥብ ሽርጥ ታለብሰዋለች፣ በካርቶን ታራግባለች። ሰውነቱ የማያወጣውን ላብ እሷ አወጣችለት። ተሽከርካሪ ወንበር ተገኘ። ሲያስቀምጡት ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ዓይኑ ይጨልም ስለነበር ሆዱን በሰፊ መቀነት አጥብቃ ታስረዋለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ሳይንቀጠቀጥ፣ በረደኝ ሳይል እንዳይቀዘቅዝባት ብብቱ ሥር ቴርሞሜትር ታደርጋለች።

አንድ ቀን ብቻ ምክንያቱ አልተገኘም። የወደቀበት ዓመት በሞላ በጥቂት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ የእግሩ ፀጉር ቆመ። እኔም ነበርኩ። ራሱን ያዘ፤ "መጣ" አለ። ረቢአ ቱቦውን አየች፣ ደህና ነው። ጫማውን አወለቀች፣ ልብሱን ፈታች፣ ጀርባውን አገላበጠች፤ እሾህ የለ፣ ቁስል የለ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ዕፀገነት ግፊቱን ለካች፤ ከፍ ብሏል። እሷም ፈለገች፣ አላገኘችም። መድኃኒት ልትሰጠው ስትል በራሱ ወረደ። "አንዳንዴ ሳናገኘው ይሄዳል" አለች።

ዓብዱ ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ መጣ። ጠዋት ማሳው ላይ ነበር። ያን ጉቶ በመጥረቢያ ፈልጦ ከነሥሩ ነቅሎታል። ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ፤ የወንድሙ ፀጉር የቆመበት ሰዓት ነው። ሁለታችንም ከዚያ በኋላ እርስ በርሳችን አላነሣነውም። ሙሀመድኑር እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ረቢአም ብትሆን የሰማችው ከወር በኋላ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ከሰንበቴ ከተማ ስልክ ተደወለ። የደወለችው ኡምኩልሱም የምትባል ሴት ናት። የሙሀመድኑርን ነገር ከገበያ ሰው ሰምታለች። ልጇ ሙጂብ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤት ቆርቆሮ ሲያለብስ ከጣራ ወድቆ ከደረቱ በታች ደንዝዟል። ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር እየተጫነው ነው አለች፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሰፈሩ ሁሉ ጂን ነው ይላል።

"ምን ይላል?" አላት ሙሀመድኑር።

"አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሟል ይላል።"

ሙሀመድኑር ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ረቢአን አያት። "አሁን ቀና አድርጊው" አላት ኡምኩልሱምን። "ቱቦውን እዪ። ሐኪም ቤት ውሰጂው።" ሴትዮዋ ግን የምትፈራው ሌላ ነበር፤ ከቤት ካወጣሽው ጂኑ ይገድለዋል ብለዋታል። ሙሀመድኑር አላቅማማም። ዓብዱ ሚኒባስ ለምኖ አመጣ፤ ወንበሩን ጭነው፣ ረቢአ ሁለት ጀሪካን ውኃ ይዛ፣ በጠዋቱ ሄዱ።

"አካም ጅርቱ" ብላ ኡምኩልሱም በኦሮምኛ ሰላምታ በር ላይ ተቀበለቻቸው፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። መስኮቱ ተዘግቷል። ሙጂብ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለት ጋቢ ደርበውበት፣ ላብ ፊቱን አጥቦታል። ዓይኑ በሩ ላይ ተተክሏል። ሙሀመድኑርን ከነወንበሩ ገፍተው ሲያስገቡት ልጁ ጮኸ፤ ደጃፉ ላይ የቆመው ገባ መስሎት ነው።

"ሰው ነኝ፣ ወንድሜ" አለው ሙሀመድኑር። "እንዳንተው ነኝ።"

ቀና አደረጉት። ረቢአ ቱቦውን አየች፤ አልታጠፈም። ጋቢውን ስትገልጥ እግርጌው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነካት። ትኩስ ነበር።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ ነው" አለች እናቲቱ። "እሳት ላይ አሙቄ ነው የማደርግለት። እግሩ ይቀዘቅዝብኛል። እንደ... እንደ ሞተ ሰው ነው የሚቀዘቅዘው። ሲበርድ እየለወጥኩ ነው ያደርኩት።"

ረቢአ ጨርቁን አነሣች። የግራ እግሩ ተረከዝና ጣቶች ተቃጥለዋል፤ ቆዳው ከጨርቁ ጋር መጣ። ሙጂብ ምንም አላለም። እጁን እንኳ አላወራጨም። ፀጉሩ ብቻ ቆሞ ነበር፣ ከሆዱ እስከ ቅልጥሙ። ኡምኩልሱም ያደረገችው ሲገባት እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ረቢአ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ያን ቅዝቃዜ ነክቶ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደማይቻል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ልጁን ወዲያው ሆስፒታል አደረሱት።

ሲመለሱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫው ደግሞ ነፋስ የለውም። ሹፌሩ ጎማውን ይዞ ሰው ፍለጋ ሄደ። ዛፍ የለም። ሁለቱ ጀሪካን እዚያው ሙጂብ ላይ አልቀዋል። ረቢአና ዓብዱ ሙሀመድኑርን አውርደው በመኪናው ጥላ አስተኙት። ሆዱ ጋለ። መጀመሪያ ቀልድ ይቀልድ ነበር፤ ቀጥሎ የረቢአን ስም ተሳሳተ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ከቆላ የሚመጡ የአፋር ነጋዴዎች ግመል እየነዱ ደረሱ። አንዲት ሴት ከግመሉ ጎን ጀሪካን ፈትታ መጣች። ተንበርክካ እጇን ደረቱ ላይ አደረገች፤ እርጥብ ነው። ወደ ታች አወረደችው፤ ደረቅና የጋለ ነው። እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

"ሞተ?" አለች።

"አልሞተም" አለች ረቢአ። "ውኃውን አፍስሺበት። መቀዝቀዝ አለበት።"

ሴትዮዋ ጀሪካኑን እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰሰችበት። ረቢአ ነጠላዋን አውልቃ አራገበች፤ ዓብዱም በሸሚዙ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆይ ሙሀመድኑር ዓይኑን ገልጦ ግመሎቹን አያቸው፤ ሚኒባሱ የት ሄደ አለ። አጠገቡ ቆሞ ነበር።

ሙጂብ ሁለት ጣት ተቆርጦለት ዳነ። ተረከዙ እስኪሽር አምስት ወር ፈጀ። እናቱ አሁን እግሩን በካልሲና በብርድ ልብስ ብቻ ታሞቃለች። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ሆነዋል። በበጋ ቀን ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይደዋወላሉ። ስለ ብዙ ነገር አያወሩም። ሲግሉ መጀመሪያ የሚጠፋው አንደበት መሆኑን ስለሚያውቁ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያዳምጣል። ያለነው ከአጥሩ ወዲህ ስለሆነ እንሰማዋለን።

"ዛሬ ቀኑ ማን ነው?" ይላል ሙሀመድኑር።

ትንሽ ዝምታ ይሆናል።

"ሙጂብ፣ ቀኑን ንገረኝ። የእናትህን ስም ንገረኝ።" ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ኡምኩልሱም፣ ውኃ አምጪ" ይላል በስልኩ ውስጥ። እሱ ራሱ ቃል ሲሳሳት ደግሞ ሰንበቴ ያለው ልጅ ረቢአን ይጠራል፤ እሷም ስሟ ከስልኩ ሲወጣ ስትሰማ ሽርጡን ነክራ እየሮጠች ትገባለች።